ወንዝ የሌለው ድልድይ

ከወገዳ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አስተማሪ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጮኸች።

«ድልድዩ ተሠራ? ሁሉም ተገናኙ?»

አጠገቧ ያሉት እናት እልልታቸውን አቀለጡት።

«እሰይ! የትኛው ወንዝ ላይ ነው ልጄ?»

«ኧረ እናቴ፣ የኮምፒውተር ድልድይ ነው።»

«ኮምፒውተር ደግሞ ምን ወንዝ አለው?»

«ትምህርት ቤታችን ጉልበት ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው ያለው። እሱ ላይ ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ጭነን፣ ውስጡን ከፋፍለን እንደ ብዙ ኮምፒውተር እንዲሠራ አደረግነው።»

«አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ጎጆ እንደማለት?»

«እንደሱ! ግን ጎጆዎቹ በር አልነበራቸውም። እርስ በርስም፣ ከውጭም መገናኘት አቃታቸው። ለእያንዳንዳቸው የኔትወርክ በር አውጥተን ሁሉንም በአንድ ድልድይ ማያያዝ ነበረብን። ሳምንቱን ሙሉ ከተማሪዎቼ ጋር ታግለን እምቢ አለን።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ነሽ፤ ማን ሠራው?»

«ልጆቹ! እኔ እኮ ተስፋ ቆርጬ ነው የወጣሁት። አሁን አንዱ ጎጆ ሲጠራ ሌላው ይመልሳል እያሉኝ ነው።»

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ምነው፣ ይህ ያስለቅሳል?»

«ደስ ብሎኝ ነው እናቴ። ያለ እኔ ቻሉት!»

«እንግዲያው እልልታዬ በከንቱ አልወጣም!» አሉና ደገሙት።

ረዳቱ «አጨብጭቡ እንጂ!» ሲል መኪናው በጭብጨባ ተናጋ።

የእኔም እጅ እዚያ ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት መዳፌ ሲግል ነው።