ለአባ ገድሉ የተላከ ኑዛዜ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ እማ! ትሰሚኛለሽ? … ጠዋቱን ሙሉ ደወልሁ እኮ፣ መስመሩ አልገባ ብሎኝ ነው። ደኅና አደርሽ? … እኔማ ደኅና ነኝ።

ዜማ ደኅና አልነበረችም። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ በታላቅ ወንድሟ በአማኑኤል ቤት፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር ቆማ ዓይኗን ግቢው ላይ ተክላለች። አማኑኤል ከውኃ ሮቶው አጠገብ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል።

ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤት ካስገባው ወዲህ ኢንተርኔቱ ነፍስ የለውም። ተማሪው ትምህርቱን፣ ሠራተኛው ሥራውን፣ ምእመኑ የሕማማቱን ጸሎት በስልክ ሲከታተል፣ አንዲት የድምፅ መልእክት ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከተማው በሙሉ ይራገመዋል። ዛሬ ግን ዜማ እንዲህ እንደተንቀራፈፈ እንዲውልላት እየለመነች ነው።

— የምን መልስ? … አባ ገድሉ? … እማ፣ ቀስ በይና ስሚኝ። እሳቸው ጋ አልደረሰም። … መሄዱንስ ሄዷል። የላክሽው ግን የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ነው። … አዎ፣ ሁላችን ያለንበት።

እናቷ ወይዘሮ የብርጓል ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ከተማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የንስሐ አባታቸው አባ ገድሉ በሽታውን ፈርተው ከቤት አይወጡም። ሁሉ ነገር በስልክ ሆነ ሲባል የሰሙት ወይዘሮ ኃጢአታቸውንም በስልክ ተናዘዙ። ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የኖሩ ሴት ይህን ማሰባቸው ይገርማል፤ አባ ገድሉ ቢጠየቁ ክው ይሉ ነበር። ይባስ ብሎ የተናዘዙት ልጅ፣ ምራትና የአክስት ልጅ በተሰበሰበበት ግሩፕ ላይ ሆነና አረፈው።

መልእክቱ ዜማ ስልክ ላይ የወረደው ማለዳ፣ ሰፈሩ ሳይነሳ ነበር። የበዓል ምርቃት መስሏት ከፈተችው። እናቷ እያለቀሱ የተናዘዙት በእሷው ላይ የሠሩትን ነበር። የምትወደው የግሩም ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት ቁንዝላ ድረስ በመጡ ጊዜ «ልጅቱ ታጭታለች» ብለው ከበር የመለሷቸው እሳቸው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻዬን እቀራለሁ ብለው ፈርተው። ዜማ ግሩም ከዳኝ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ባሕር ዳር ገባች። እናትየውም የፈሩት አልቀረላቸውም። አማኑኤል ደግሞ እህቴን አዋረደ ብሎ ግሩምን ሰው መሀል በጥፊ አጩሎታል። እውነቱን ዛሬ ከሰማ፣ ቁንዝላን ዳግመኛ አይረግጣትም። ወንድሟን ታውቀዋለች።

— አታልቅሺ እማ። … ሌላ የሰማ ያለ አይመስለኝም፤ አማኑም ገና አልሰማም፣ ደጅ ቆሞ ሊያወርደው እየታገለ ነው። ድምፁን ወደ ውጭ አድርጊና ስልኩን ከጆሮሽ አንሺው። … አደረግሽ? … የላክሽውን ጣትሽን ጫን አድርገሽ ያዢው። … ከላይ የቆሻሻ ቅርጫት መጣ? … እሱን ንኪ።

አማኑኤል ከውጭ ግማሽ መድረሱን አበሠራት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይላት ነበር።

— የእማ ምርቃት ነው አማኑ፣ የትም አይሄድብህም፤ ግባና እረፍ።

አልገባም። ጭራሽ ሮቶው የተቀመጠበት ብረት ላይ ወጣ።

— እማ፣ አለሽ? … ትንሽ ሳጥን አለች፣ ነካ አድርጊያት። ያለሷ ካንቺ ስልክ ብቻ ነው የሚጠፋው። … እሺ፣ አሁን ቀዩን ጽሑፍ ንኪው። … ነካሽው? … እኔ ጋ እኮ አሁንም አለ።

የቁንዝላ ኔትወርክ ጠባይ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

— እማ፣ ዝጊው። እዚያ ስልክ ሲያወሩ ኢንተርኔቱ ይቆማል፤ ካልተዘጋ አይጠፋም። … ዝጊው ስልሽ። … ምን?

እናቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ አንቺስ ሰምተሻል ወይ አሉ።

ዜማ ራሷ መዝጋት ትችል ነበር፤ አልዘጋችም። ከማለዳ ጀምሮ የያዛት ቁጣ ገንፍሎ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ለቅሶ፤ ለምን ልትላቸው ፈለገች። በመስኮቱ ስታይ አማኑኤል ብረቱ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል፤ ሊያልቅለት ነው።

— እኔ? … የት ወርዶልኝ እማ። ይሄ ኔትወርክ መች ያወርዳል። ጠዋት ሞከርሁ፣ እምቢ አለኝ፣ ተውሁት። … እውነቴን ነው። … ለአባ ገድሉ ይህ ክፉ ቀን ሲያልፍ ፊት ለፊት ትነግሪያቸዋለሽ። … አሜን፣ እማ። አሜን። አሁን ዝጊው።

ወይዘሮ የብርጓል ዘጉት። አማኑኤል ሊያልቅ ሲል ጠፋብኝ እያለ፣ ኔትወርኩን እየተራገመ ከብረቱ ወረደ። ዜማ የራሷን ስልክ አየች፤ እሷም ጋ የለም። ግሩም እንዳልከዳት የሚናገረውን ያን ድምፅ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ያስተማረችው ራሷ ናት።