ቀላል ዘንግ ለአባዬ

እንደምን ዋሉ፣ እትዬ? ሱቅዎ እንዴት ደስ ይላል! ውጭው ያቃጥላል፤ እዚህ ግን ማራገቢያው የሰው ልብ ይመልሳል። በርጩማዋን ለአባዬ ስለሰጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በር አጠገብ ይሻለዋል፣ ነፋስ ይወዳል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹንም እንዴት አሳምረው ደርድረዋቸዋል! ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ይመስላሉ። አጫጭሮቹ ፊት፣ ረጃጅሞቹ ኋላ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፊት ነበር የምቆመው። ስምንተኛን ጨረስኩና… እዚያው ቆምኩ።

አይ፣ ውዱን አያውርዱልኝ። ለመንካትም እፈራለሁ። የምንፈልገው በጣም ቀላል የሆነ፣ ዋጋውም ለእኛ ኪስ የሚቀል ነው። ለአባዬ ነው። አምና ሕመም ቀኝ ጎኑን ያዘውና እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር። አሁን ተመስገን፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ያነሳል። ሐኪሙ «የምትወደውን ቀላል ነገር እያስያዝክ አለማምደው» አለው። አባዬ የሚወደው ደግሞ ዓሣ ማጥመድ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ማለቴ ነው። አንዳንድ ቀን ከእኛም በፊት።

ብቻችንን አልመጣንም። እዚያ መንጠቆዎቹ ጋ የቆሙት አጎቴ ናቸው፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኔም እርሳቸው ዘንድ ቁልፍ እተክላለሁ። ዘንግ ልንገዛ ነው ስላቸው «እናንተ ምን ታውቃላችሁና!» ብለው ሥራቸውን ዘግተው መጡልን። ደግ ሰው ናቸው።

ይሄ ቀዩ… ልያዘው? ቀላል ነው፣ ግን ክብደቱ ወደ ጫፍ ይጎትታል። የእጅ አንጓ ያደክማል። አንዳንድ ሰውም እንዲህ ነው፤ ሲይዙት ቀላል፣ ቆይቶ ነው የሚከብደው። ይሄኛውስ? እጀታው ቡሽ ነው፣ ላብ አያንሸራትተውም። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶችም ለስላሳ ናቸው። ዋጋው? … ይሄ ነው የእኛ። ይቆዩ፣ ያንን አጭሩንም ልየው።

ዘንግ የሚያውቅ ሰውስ አለ፣ እትዬ! እኛ ሰፈር አንድ ሰው አለ… ማን እንደሆነ ይተዉት። ጋሼ፣ ስለ እርስዎ አይደለም፣ ይምረጡ፣ ይምረጡ! ሰውዬው ዓሣ ሲያጠምድ አይቼው አላውቅም፤ ሲያወራ ግን ሐይቁ ይደርቃል። ድሮ አጠመድኩ የሚለው ዓሣ በየዓመቱ ያድጋል። መጀመሪያ ክንድ ያህል ነበር፤ አሁን በር አያስገባውም። የሞተ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው እንዴት አይደነቅ?

ዕቃ ሲዋስ ደግሞ ጥንቃቄው! የዕቃውን ባለቤት እንኳ አያስቸግርም። ባለቤቱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መጣና ዘንጉን ከግድግዳ አወረደ። «ለአንድ ቀን ነው» አለኝ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ… የቅርብ ሰው ሲመጣ በር ይዘጋል? አንዱ ቀን ሁለት ሳምንት ሆነ። ምን ይደረግ፣ የሥራ ሰው ቀኑ ረጅም ነው። ሲመልሰውም ማንንም አልጠራም። እዚያው ምስማሩ ላይ፣ ልክ እንደነበረው አድርጎ ሰቅሎት ሄደ። ሌላው ሰው ዕቃ ሲመልስ ምስጋና ይጠብቃል፤ እሱ ምስጋናውንም ሸሸ። እንዲህ ያለ ትሕትና አይተው ያውቃሉ?

«ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል» ይባላል። ደግ ዘመድም ያስገዛል ለካ… ይኸው መጣን።

ከሦስት ሳምንት በፊት አባዬ ከሕመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐይቁ ወረደ። ጠዋት ጢሙን ተላጨ፣ ዓሣዎቹ የሚያዩት ይመስል። ዘንጉን በቀኙ ያዘና ወረወረ። ጥሩ አድርጎ ነው የወረወረው፤ እኔ ከጎኑ የትሉን ጣሳ ይዤ ቆሜ ነበር። ነከሰችለት። መዳፌን የማትሞላ ዓሣ ናት። ሳብ ሲያደርግ… ቀጭ አለ። የዘንጉ ግማሽ ከዓሣዋ ጋር ሄደ። አባዬ የተሰበረውን ዘንግ አላየም፣ እትዬ። ያየው እጁን ነው። አየውና ኪሱ ከተተው። እስካሁንም አላወጣውም። ዳቦ በግራ፣ ሰላምታ በግራ፣ የሸሚዙን ቁልፍ በግራ።

ያ ዘንግ አዋቂ በማግሥቱ ሊጠይቀው መጣ። ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አይዞህ፣ የእጅህ ነገር ነው። እጅህ ከእንግዲህ ለዘንግ አይሆንም፤ ፀሐይ እየሞቅህ ተቀመጥ።» እንዴት ያለ አዛኝ! ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ያኔ ገና ምንም አልገባኝም ነበርና። ዛሬ አባዬን እዚህ ለማምጣት ስንት ለመንኩት መሰልዎ! «ግዢው፣ ሰቅለን እናየዋለን» ነው ያለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ሥራዎ ስለሆነ ያውቁታል ብዬ ነው። እጅ ስለደከመ ዘንግ ይሰበራል? … ራስዎን ነቀነቁ። አይሰበርም? የደከመ እጅ ይለቃል እንጂ አይሰብርም? እኔማ ምን አውቃለሁ። አባዬ፣ እትዬ የሚሉትን… ተወው፣ አንተ ነፋስህን ተቀበል።

የተረፈውን ቁራጭ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። መጠኑን ለማስተያየት ብዬ ነው፣ ለሌላ አይደለም። እዚህ ጋ ይዩልኝ። ትናንት ጭቃውን ሳጥበው ነው ያየሁት። ሙጫ አለበት፣ ደርቆ ቢጫ የሆነ። ከላዩ ደግሞ ክር ተጠቅልሎበታል። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ቁርጥ የዘንጉን ቀለም። አጠቃለሉ እንዴት ያምራል! አንዱ ዙር በአንዱ ላይ አልወጣም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እሰማ ነበር፤ ክር ቢያብር ስብራት እንደሚሸፍን ግን አላውቅም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ፕላስተር ለጥፎ ይገላገል ነበር፤ እኛም በሩቁ አይተን እናውቅ ነበር። ይሄ ሰው ግን ባለሙያ ነው። ሲደብቅ እንኳ አጥርቶ ነው የሚሠራው።

መጨረሻውን ይዩት። ሁለት ዙር፣ ከዚያ በሥር አሳልፎ፣ ወደ ራሱ ስቦ፣ ጫፉ እንዳይታይ ውስጥ መቅበር። ይህችን ቋጠሮ አውቃታለሁ፣ እትዬ። አምስት ወር ሙሉ ቁልፍ ስተክል የምቋጥረው እሷን ነው። ይኸው የቀሚሴ ቁልፍ ላይ አለች፤ ጎን ለጎን ያድርጓቸው እስቲ። ያስተማረኝ ሰው «የክር ጫፍ ከታየ የሰፊው ስንፍና ታየ» ይለኛል። እውነቱን ነው…

ኧረ ጋሼ፣ ቀስ! የመንጠቆውን ሳጥን ጣሉት እኮ! አይጎንበሱ፣ እኔ እለቅመዋለሁ። መንጠቆ ክፉ ነው፤ ሲገባ ዝም ብሎ ነው፣ ሲወጣ ነው የሚያስጮኸው። ምነው ላብ በላብ ሆኑ? ማራገቢያውን ወደ ጋሼ ያዙሩላቸው፣ እትዬ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ያ ሰውዬ። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይሉ የለ? ታዲያ ያ ሰው በሦስት ሳምንት ያከማቸው ወርቅ እንዴት ያለ ነው! «ሰብሬዋለሁ» ማለት አንድ ቃል ናት። ቢላት አባዬ ይጣላው ነበር? አባዬ እኮ ቤት ውስጥ ሳህን ሲሰበር «እሰይ፣ የሚታጠበው ቀነሰ» የሚል ሰው ነው። ይስቅ ነበር፣ እትዬ፣ ምን ይላል። ዘንግ ቢሰበር ይኸው ሱቅ ሙሉ ዘንግ አለ። ሰው በገዛ እጁ ላይ ያለው እምነት ሲሰበር ግን… እሱንም ይሸጣሉ? ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ይኖር ይሆን?

ቢሆንም አልፈርድበትም። ቀዳዳ መድፈን የለመደ እጅ… አይ፣ ተውኩት፣ ነገር አበዛሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ሙጫም እያደር ይለቃል።

ውይ፣ አባዬ፣ ለምን ተነሣህ? ና፣ ባንኮኒውን ተደገፍ። ይሄን ቁራጭ ነው? እንካ… በየትኛው እጅህ ነው የምትቀበለኝ? … በቀኝህ! እሺ፣ አባዬ። ቀስ ብለህ። አዎ፣ ቋጠሮዋ እዚያ ነች፤ ሳታያትም በጣትህ ታውቃታለህ።

እትዬ፣ ያንን ባለ ቡሽ እጀታውን ያቀብሉልን። ርካሹን፣ አዎ። በቀኙ፣ በቀኙ ይስጡት። አዩ አጎባበጡን? ጫፉ ብቻ ነው የሚጎብጠው፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ነው። ይንቀጠቀጣል? ይንቀጠቀጥ! ዓሣዋ ትሉ በሕይወት ያለ ይመስላታል። … ሰሙት? «ይሄን እንወስዳለን» አለ! እሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

አይጠቅልሉት፣ እንዲሁ ይሻላል። አይ ጋሼ፣ እርስዎ አይያዙት። አባዬ ራሱ ይይዘዋል። እርስዎ እስካሁን የያዙት ይበቃዎታል።

ይቅርታ፣ እትዬ፣ ብዙ ለፈለፍኩ። ሌላ ጊዜ ሰው ፊት ማውራት አፍራለሁ፤ ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ። ሰውዬውን የጠላሁት እንዳይመስልዎ። እኔ ሁልጊዜ ነው የምመርቀው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሙያውን አያሳጣው፣ እጁንም ይባርክለት። ፀጉሩ እስኪነጣ ይኑር። አርጅቶ እጁ በደከመበት፣ ሰው ባስፈለገው ቀን ደግሞ ብቻውን አይተወው። ወንድም ከአጠገቡ አይጥፋ… ልክ እንደ ራሱ ያለ ወንድም።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!