በሦስት ቋንቋ የሚሰደበው ማሽን

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። የምሠራው ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የመኮሮኒ ፋብሪካ ነው፤ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ዓይኔ አልቆመም።

ማሽናችን ከሰዓት በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ኦፕሬተራችን ጋሽ ኃይለየሱስ በቀኝ እጃቸው ሦስቴ በጥፊ ይሉትና በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሰድቡታል። ይነሳል። ባለፈው ግንቦት ጋሽዬን ወባ ጣላቸው። ረዳታቸው ዋይስ ተተካ፤ መታው፣ ሰደበው፣ ዓረብኛም ጨመረለት። ማሽኑ እምቢ! ዋይስ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰድብ ድምፁ እስኪዘጋ ከከተማው ውጭ ሁርሶ ድረስ ተሰማ።

በአራተኛው ቀን ከከዚራ ሰፈር ባጃጅ ስሳፈር፣ ጋሽዬ ከሕመም ተነስተው ከአዲሷ ኢንጂነራችን ከስምረት ጋር ተቀምጠዋል። ጉሮሮዬን አሞኝ ስለነበር ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

«እንኳን ማረዎት ጋሼ። ማሽኑ እርስዎን ብቻ የሚሰማው ለምንድን ነው?»

«ያውቀኛላ!»

«ስድብ ብረት አያስነሳም። በቀኝዎ ሲመቱት ግራ እጅዎ ምን ትሠራ ነበር?»

ጋሽዬ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። እሱን ከነገርኩሽ ነገ ትሸኙኛላችሁ። አቦ ተይኝ!»

«ለእርስዎስ ማን አሳየዎት?»

«ማንም! ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«እንግዲያው ዋይስም ስድስት ዓመት ይፍጅበት? የሚያሳይዎት ኖሮ በእነዚያ ዓመታት አዲስ ነገር ቢያስቡ አይሻልም ነበር?»

«ቢሻልስ? እኔን ማን ያስባል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ማሽን ማፈላለግ ጀምረዋል። አዲሱ የመጣ ቀን ምስጢርዎ ከአሮጌው ብረት ጋር አብሮ ይወረወራል። እርስዎ አሠልጣኝ ይሁኑልን ብዬ ግን ጽፌላቸዋለሁ።»

ባጃጁ ጉድጓድ ገባ። የጋሽዬም ልብ አብሮ የተነቃነቀ መሰለኝ።

ፋብሪካ ስንደርስ ሁላችንን ሰበሰቡና ግራ እጃቸውን አሳዩን። ለካ በቀኛቸው ሲመቱ በግራቸው ከሥር ያለችውን የውሃ ቧንቧ ሩብ ዙር ይከፍቱ ኖሯል! ማሽኑን የሚያንቀው በሙቀት የደረቀ ሊጥ ነው፤ ውሃው ያለሰልሰዋል።

«ስድቡስ?» አለች አሻጊዋ ሃዎ።

«ዓይናችሁን ለማሳት ነዋ።»

«እኔ እኮ ከመቆሙ ግማሽ ሰዓት በፊት መኮሮኒው ሲነጣ አያለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ!»

«ማን ጠየቀኝ፣ ጋሼ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃዎ ንጣቱን ስታይ ትጣራለች፣ ውሃው ቀድሞ ይከፈታል፤ ስምረት ደግሞ ሙቀቱ ሲጨምር በራሱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሠራችለት። ማሽኑ ቆሞ አያውቅም፤ አዲስ የመግዛቱም ነገር ቀረ። ዘወትር ሐሙስ አንድ ሰዓት ተቀምጠን የተሳሳትነውንና ያየነውን እንነጋገራለን፤ ሰብሳቢው አሠልጣኙ ጋሽ ኃይለየሱስ ናቸው። አንዱ የደበቀው ከሌላው ያልተጠየቀው ጋር ሲገናኝ፣ ማንም ብቻውን ያላሰበው ነገር ይወጣል። እኛ ጋ መፍትሔው የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

የፈጠርኳት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ዋይስ የሚባል ረዳት የለንም። ሦስት ቀን ብረት ስሰድብ የከረምኩት እኔው ነኝ።