የአቶ ጉልላት ግራ እጅ

ወይዘሮ አሳየሽ ባለቤታቸውን አቶ ጉልላትን ዱቦ ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ አሳይተው፣ ወደ ሶዶ የሚመለስ ሚኒባስ እየጠበቁ ነበር። አቶ ጉልላት የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከስድስት ወር በፊት ግን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው፣ አንደበታቸውንም ያዘው። ነፋስ ሲነሣ ወይዘሮዋ የኮታቸውን ቁልፍ ፈጥነው ቆለፉላቸው።

አጠገባቸው የቆመች ወጣት፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግራ እጃቸው እኮ ጀምሮ ነበር» አለች።

«ምን ጀመረ?»

«ቁልፉን መቆለፍ። እርስዎ ቀደሟቸው።»

ወጣቷ በእምነት ትባላለች፤ ከሕመም የተነሡ ሰዎች ራሳቸውን ችለው እንዲለብሱ፣ እንዲበሉ፣ እንዲታጠቡ የምታለማምድ ባለሙያ ናት። በስትሮክ የተመቱ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ እንዴት እንደሚውሉም እየዞረች ታጠናለች።

ወይዘሮ አሳየሽ ተቆጡ። «ሠላሳ ዓመት ለፍቶ አኑሮኝ፣ ዛሬ እጁ ሲከዳው ‹ራስህን ቻል› ልበለው? ጎረቤቱስ ‹ሲታመም ጣለችው› አይለኝም?»

«መጣል አይደለም፣ እትዬ። የማይችሉትን ያግዟቸው፤ የሚችሉትን ግን አይንጠቋቸው። ሥራ ያጣ እጅ ይሰንፋል፤ የእጁም ባለቤት ሆድ ይብሰዋል።»

«አንዱን ቁልፍ እስኪቆልፍ እኮ ይመሻል!»

«ይምሻ!» ብላ ወደ አቶ ጉልላት ዞረች። «አባባ፣ በራስዎ ቢያደርጉት የሚመኙት ምንድን ነው?»

በስድስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ምላሳቸው እየተጎተተ፣ «ሽንት ቤት... ብቻዬን» አሉ።

ወይዘሮ አሳየሽ አንገታቸውን ደፉ። በፍቅር የሚያደርጉት ነገር ባላቸውን በየቀኑ ሲያሳፍራቸው እንደከረመ ገና አሁን ገባቸው። «እሺ ልጄ፣ ቤት ነይና አሳዪን» አሉ።

በእምነት ቃሏን ጠብቃ መጣች። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ በአናጢ የባሕር ዛፍ መደገፊያ አስመታች። አቶ ጉልላት ሲለብሱ የደከመውን ክንድ ማስቀደም እንዳለባቸው አሳየቻቸው። ለወይዘሮ አሳየሽ የሰጠቻቸው ሥራ ግን ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ቁጭ ብሎ ማየት። አቶ ጉልላት ከእጅጌው ጋር ሲታገሉ፣ ወይዘሮዋ ላግዝ ላግዝ እያለ የሚበላቸውን እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀብረው ይቀመጡ ነበር።

በሦስተኛው ወር ወይዘሮ አሳየሽ ትተውት ለከረሙት የቅቤ ንግዳቸው ተበላ ከተማ ገበያ ወርደው ዋሉ። ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነው። «ወይኔ!» እያሉ ሲሮጡ፣ ባላቸውን ጎረቤታቸው አቶ ሰብስቤ ግቢ አገኟቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ስለ ኮት አቆራረጥ ይከራከራሉ።

«ማን አመጣህ?»

«እግሬ ነዋ! ሂጂ... ክርክሬን ልጨርስ።»

ወይዘሮ አሳየሽ እንባቸው እየመጣ ሳቁ። ዛሬ ዛሬ በሽተኛ ሊጠይቁ በገቡበት ቤት ሁሉ፣ «አትቀድሙት፣ ጠብቁት» ይላሉ። «የኔው ሰውዬ ራሱን ሲችል፣ እሱም ከሰው ተቀላቀለ፣ እኔም ገበያዬን አገኘሁ።»