ዱቄት የማናፈስ ልማድ

ያን ቀን ዝናብ ባያግደኝ ኖሮ ይህን ክርክር አልሰማም ነበር። ከሰፈራችን የፕላስቲክ ፋብሪካ መጋዘን ደጃፍ ተጠልዬ ሳለሁ ፎርማኑ የአንድ የዱቄት በርሜል ክዳን ሊከፍቱ ሲሉ፣ ኬሚስት የሆነችው የወንድማቸው ልጅ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይክፈቱት!»

«ምን ነካሽ? ለነገ ይናፈስ እንጂ! ታፍኖ የከረመ ዱቄት ይጓጉላል።»

«የሚጓጉለውማ ሲናፈስ ነው። ሪአክተሩ በየጊዜው የሚደፈነው ለምን ይመስልዎታል?»

የፎርማኑ ፊት ጠቆረ። ሪአክተሩ፣ ያ ጋዙ ፕላስቲክ የሚሆንበት ትልቅ ጋን፣ ዳግመኛ ከተደፈነ ክፍሉ እንደሚዘጋና ሠራተኛው እንደሚበተን ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቃቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ፎርማኑ አሳዘኑኝ፤ ግትርነታቸው ግን አናደደኝ።

«ጥፋቱ የካታሊስቱ ነው! ጋዙን ፕላስቲክ የሚያደርገው እሱ አይደል? ይሄ ዱቄት እሱን ተሸካሚ ነው። ተሸካሚ ምን ያውቃል?»

«ብዙ ያውቃል እንጂ» አለች እየሳቀች። «ካታሊስቱ የሚያድረው በዚህ ዱቄት ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ዱቄቱ ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ካታሊስቱን ይገድለዋል። ሲጓጉል በአካፋ ትሰባብሩታላችሁ። ፕላስቲኩ የተሸካሚውን መልክ ይዞ ስለሚያድግ ከስብርባሪ ብናኝ ይወጣል፤ የሪአክተሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚደፍነው ያ ነው።»

«እኛ ግን ስናናፍስ ነው የኖርነው!»

«ያለቀለትን የፕላስቲክ ዱቄት፣ አዎን፤ የቀረው ጋዝ ይወጣለታል። ይሄኛው ግን ገና አልተሠራበትም። በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ አግለን ውሃውን እናስወጣለት፤ ካታሊስቱን አየር ሳይነካው እናስይዘው።»

«ቢደፈንስ?»

«አብሬዎት እባረራለኋ!»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። «ግትርነትሽ ቁርጥ አባትሽን!» አሉና በርሜሉን ትተው ገለል አሉ።

ነገሩ አላስችል ብሎኝ በሳምንቱ ወደ ፋብሪካው ተመለስኩ። ፕላስቲኩ ከሪአክተሩ ሥር እንደ ደረቅ አሸዋ ይንሿሿል፤ አንድም ጓል የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሏቸው «ፎርማን፣ ምን ተአምር ሠሩ?» አሉ። ፎርማኑ ዝም ቢሉ ምስጋናው የእሳቸው በሆነ ነበር።

«ተአምር የለም ጌታዬ። ሲያበላሸው የኖረው የእኔ ማናፈስ ነው። ያቃናችው ይህች የወንድሜ ልጅ ናት።»

በዚህ ጊዜ አከበርኳቸው። ተሸካሚውን በሚገባ ያደረቀ ፋብሪካ ካታሊስት አያባክንም፤ ሪአክተሩ አይቆምበትም፤ ሠራተኛውም በየማለዳው ልቡ ሳይሰቀል ሥራ ይገባል። ሥራ አስኪያጁም ክፍሉ እንደማይዘጋ እዚያው ቆመው አስታወቁ።

ፎርማኑ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ነገ ይሄን ለሁላችንም አስረጂን። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ያልገባኝን ስጠይቅሽ እንዳትቆጪኝ ብቻ።»