የተራራው እድር

ከኦርሊኮን ጣቢያ በተሳፈርኩበት ባቡር፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት የአገሬ ሴቶች በሳቅ ሊሞቱ ነው።

«እድር ገባሁ እልሻለሁ!»

«እዚያ ገጠር ሐበሻ አለ እንዴ፣ እትዬ?»

«የምን ሐበሻ! ጎረቤቶቼ ናቸው። ከቤታችን በላይ ያለው ተራራ እንዳይናድብን የሚጠብቅ የቀበሌ ማኅበር አለ። ከሥሩ ቤት ያለው ሁሉ አባል ነው። አዋጥተን ግንብ እናሠራለን፣ የተራራው ስንጥቅ እንዳይሰፋ በየተራ እናያለን።»

«ታዲያ ምኑ ነው እድር?»

«ስብሰባው ላይ ግማሹ ሰው ቀረ። እኔም ተነሥቼ፣ ‹በእኛ አገር የቀረ ይቀጣል› አልኳቸው።»

«ወይ ጉድ! ምን አሉዎት?»

«አጨበጨቡልኝ! እዚያው ሊቀመንበር አደረጉኝ።»

«በዚያ በሰባራ ጀርመንኛዎ?»

«ለመቅጣት ምን ጀርመንኛ ያስፈልጋል! ደግሞ ስሚኝ፣ ትናንት በዚያ ዝናብ ትልቅ ቋጥኝ ተንከባሎ ወረደ።»

«በማርያም! ሰው ተጎዳ?»

«ማንንም አልነካ። ቁልቁል መጣ፣ መጣና የማንን አጥር ሰብሮ ቆመ መሰለሽ? የዚያን ከስብሰባ ሁልጊዜ የሚቀረውን ሰውዬ!»

«ተራራው ራሱ ቀጣው በሉኛ!»

«ዛሬ ገና ሳይነጋ ደወለልኝ። ‹የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው?› ይለኛል።»

እኔም በመስኮቱ ወደሚታየው ኮረብታ ቀና ብዬ፣ በልቤ እጅ ነሣሁት።