ላካሬበርን የሚሸኘው ድምፅ

— ሄሎ… ሄሎ… ኦላኛ ነህ? ተመስገን። ጊዜን ሁሉ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ስልኩን የሚያነሣበትንም ሰዓት ጭምር። እኔ የማውቀው ከማለዳ ጀምሮ ሰባት ጊዜ መደወሌን ነው።

— ሥራ ላይ ነበርክ… አዎ፣ ካምፓላ የገባ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እኛ ጉሉ የቀረነው ደግሞ ነገ በአራት ሰዓት ልጅ ልንድር ነው። ይሰማሃል? የእኔ ድምፅ አይደለም፣ ከኋላዬ ያለው። ቆይ፣ ስልኩን ላስጠጋልህ…

— ሰማህ? ይኸው ነው። ከማለዳ ጀምሮ አንድ ድምፅ፣ ሳይወጣ፣ ሳይወርድ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ። ጥጃዋ የሞተባት ላም መሰለኝ። ጎረቤት ሁለት ጊዜ መጥቶ «ማን ታመመባችሁ?» ብሎ ጠይቋል።

— እንዴት «ምንድን ነው» ትለኛለህ? አንተው በላፕቶፕ ጭነህ የላክልኝ ሲንተሳይዘር የምትለው ድምፅ መሥሪያ ነዋ። «ቀኝ እጅህ እንቢ ቢልህ፣ በግራህ አንድ ጣት ብቻ አዱንጉህን የሚተካልህ ነው» ብለህ። ተካልኝ፤ እሰይ። ባለ ዘጠኝ አውታሩን አዱንጉ፣ ያን በገናዬን፣ ሰቅዬ፣ የምታለቅስ ሣጥን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

— ላዲት፣ ላዲት አትበለኝ። አክብሮትህን በኋላ እቀበላለሁ። አሁን የምፈልገው ዝም የሚልበትን መንገድ ነው።

— አጥፍቼዋለሁ። መልሼ ስከፍተው ካቆመበት ይቀጥላል… አይ፣ ሌላ ነገር አልነካካሁም። እንዲያውም በሥርዓት ነው የተማርኩት። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ድምፅ አለ አላልከኝም? ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ሰማሁ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሻለሁ።

— ስለምን እዘላለሁ? ጸሎት ሲደገም ይዘለላል? አንዱ «የጨረቃ ሐዘን» ይላል። ጨረቃ ማን ሞቶባት ነው የምታዝነው? ሌላው «የብርጭቆ ዝናብ»። ከሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱ አንዱ እንኳ፣ ጅማት ተወጥሮ በጣት ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ አይሰጥም። አርባ ዓመት ትምህርተ ሃይማኖት አስተምሬያለሁ፤ ምሥጢረ ሥላሴን ለፍየል ጠባቂ አስረድቻለሁ። አንተ ግን አንዲት ማዞሪያ ልታስረዳኝ አልቻልክም።

— ላካሬበር፣ በሩን ዝጊው ልጄ፤ አቧራው ገባ… እርሷ ናት፣ ሙሽራዋ። ሰላም ብላሃለች።

— እኮ እርሱን ነው የምልህ፣ ነገሩ የእርሷ ነው። አባቴ እኅቶቼን ሲድር ወፍራሙን አውታር ሳይመታ አንዷም የግቢውን በር አልተሻገረችም። እኔም ሦስት ሴት ልጆቼን እንዲሁ ሸኘሁ። ይህች የልጄ ልጅ ገና በስምንት ዓመቷ «እኔንም ትመታልኛለህ» ብላ ቃል አስገብታኛለች። ከትንሣኤ ወዲህ ደግሞ ቀኝ እጄ ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም፤ ግራዬ በዚያ ውፍረት ላይ ጉልበት የለውም።

— ሌላ ሰው ይምታላት? ብለናታል። «ያንተ እጅ ካልሆነ በሩ ላይ ቆሜ እውላለሁ» አለች። ታደርገዋለች፤ የአያቷ የልጅ ልጅ ናት። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን፣ እርሷ በር ላይ፣ እኔ መሐል።

— ቅጂ? ያን ጊዜ በስልክህ የቀዳኸኝን? ኦላኛ፣ በሕይወት ቁጭ ብዬ እንደ ሙት በቅጂ ልሸኛት? እሱን ለተዝካሬ አስቀምጠው።

— እሺ፣ ጠይቀኝ። የምታውቀውን ጠይቀኝ።

— ምን አስነካሁት ማለት?… ምንም። ቀባሁት እንጂ።

— ቀባሁት። የሺያ ዛፍ ቅባት ነዋ፤ ሌላ በምን ይቀባል? በዚህ በጋ፣ በዚህ ደረቅ ነፋስ፣ መሣሪያውን ሳይቀባ የሚያሳድር ማን ነው? ቆዳው ይሰነጠቃል።

— ቆዳ እንደሌለው አይቻለሁ። ዓይኔ ደህና ነው። ስስ አድርጌ ነው፣ በጨርቅ። በፊደሎቹ መካከል ብቻ በላባ አስገባሁለት…

— ሳቅ። ግድ የለም፣ ሳቅ። ሳቅህ ሲያልቅ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ድምፁም እዚሁ ነው።

— ጨረስክ? ቆይ ልየው… አዎ። አንዲቱ ፊደል ወርዳ ቀርታለች። ቅባቱ ረግቶባታል… እና እርሷ ስለተጫነች ነው ድምፁ የማያርፈው? እንዲህ በል እንጂ። በቢላዋ ላንሣት?… እሺ፣ አላነሣትም። ጠጋኙ ደግሞ ከሰኞ በፊት አይመጣም።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ድምፅህ ይቆራረጣል… አሁን ደህና ነው። ፊልተር የሚል ማዞሪያ… አገኘሁት፤ ክቡ። አዞርኩት። አልዞረም። እንደ ማሰሮ ክዳን ዙሪያውን እየዞርኩ ነው፣ እሱ እንደ ቆመ ነው።

— ወደ ላይና ወደ ታች ጎትት? ወደ ላይ የሚጎተት ከሆነ ስለምን ክብ አድርገው ሣሉት? ይህን የሣለው ሰው በር ሲከፍት ምን ያደርጋል?

— እሺ፣ እሺ። ወደ ታች…

— ኦላኛ። ታፈነ። ድምፁ ገደል የገባ መሰለ… አልጠፋም፣ አለ፤ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ ይሰማል። አሁን ወደ ላይ… ወጣ።

— ቆይ፣ አንተ ዝም በል። ራሴ ልናገረው። የተጣበቀችው ፊደል አውታሩ ናት። ይህ ማዞሪያ ሣጥኑ ነው፤ ቆዳ የለበሰው፣ አፉ የሚከፈትና የሚዘጋ። አውታር ብቻውን ምን ድምፅ አለው? የሚያናግረው ሣጥኑ ነው። አርባ ሁለት አዱንጉ ጠርቤ ይህን ሳላውቅ የቀረሁ መስሎህ ነው «ፊልተር፣ ፊልተር» ስትለኝ የከረምከው? ሣጥን ነው ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? አንድ ወር። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ድምፅ።

— አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ብሆን ታውቅ ነበር።

— አሁን ስማ። ስልኩን አጠገቡ አኑሬልሃለሁ። በግራ ጣቴ ነው… ፈጠን አድርጌ ልክፈት፣ ቀስ ብዬ ልዝጋ… ዉም… ዉም… ተወው፣ አትናገር… ዉም…

— ሰማህ?

— አወቅከው?… አዎ። እርሱ ነው። ወፍራሙ ነው። ትንሽ ብረት ብረት ይላል፣ ግን እርሱ ነው።

— ላስተካክልልህ? ምኑን? ከሩቅ ገብተህ አንዲት ነገር እንዳትነካ። ያቺን ፊደል እስከ ነገ የሚጠርጋት ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል… ባትሪውን ከፀሐይ ኃይሉ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ አውቃለሁ። ጎረቤትም ሌሊቱን ይታገሠኛል፤ እኔም የእርሱን አህያ ስንት ዓመት ታግሻለሁ።

— ቆየኝማ… ላካሬበር? ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?

— ልጅቱ ናት። ድምፁን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯን አሻግራለች… የኔ እናት፣ እግርሽን መልሺ። ነገ ነው። ነገ። ዛሬ ልምምድ ነው… አዎ፣ እኔው ነኝ፤ እጄ ነው፣ ተመልከች፣ ይህች ጣት። አሁን ግቢ።

— አይ፣ አልቅሳ አይደለም። አቧራ ነው፤ በሩን ዝጊ ብያት ነበር።

— በል እንግዲህ ልዝጋ፤ ለጣቴ ሥራ ተገኝቶላታል። ዛሬ ማታ ተነሥተህ በሌሊቱ አውቶቡስ ና… ና ብያለሁ፤ ሥራ ላይ ነኝ አትበለኝ። እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክልህ፤ ከአጥር ማዶ ሆኖ ይህን ሁሉ ጩኸቴን ታግሦ ያደመጠውንም ሰው ቤቱን ይባርክለት። ከደጁ የምትወጣ ልጅ በደስታ ትውጣ፤ የሚሸኛት እጅም አይጥፋ። አሜን በል… አሜን። ደህና ዋል።